አንቲጎኔ ወንድሟን ለምን ሁለቴ ቀበረችው?

ብራና_ገላጭ
ሰላም ለሁላችሁም። ሰሞኑን የጥንቱን ግሪካዊ ደራሲ የሶፎክልስን ቴአትር አንቲጎኔን ለ2ኛ ጊዜ አነበብኩትና አንድ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ታሪኩን ለማታውቁት ባጭሩ፦ የቴብስ ከተማ ንጉሥ የነበረው የኤዲፐስ ሁለት ወንዶች ልጆች በዙፋኑ ተጣልተው አንደኛው ፖሊኒቄስ የውጪ ጦር ይዞ በገዛ ከተማው ላይ መጣ፣ ሌላኛው ኢቴዎክልስ ከተማውን ሊጠብቅ ወጣ፣ በሩ ላይ ተገናኝተው ተገዳደሉ። ከነሱ በኋላ ዙፋኑ ላይ የወጣው አጎታቸው ክሪዮን ነው፣ ኢቴዎክልስ በክብር ይቀበር፣ ፖሊኒቄስን ግን ማንም እንዳይቀብረው ማንም እንዳያለቅስለት፣ ለውሻና ለአሞራ ይተው ብሎ አዋጅ አስነገረ። የጣሰ ይሞታል። እህታቸው አንቲጎኔ ጣሰችው።

እስከዚህ ሁላችንም እናውቃለን። የኔ ጥያቄ እዚህ ጋ ነው፦ ሬሳውን የሚጠብቀው ዘበኛ መጀመሪያ መጥቶ ለንጉሡ ሲናገር አንድ ሰው ሌሊት መጥቶ ሬሳው ላይ ስስ አፈር በትኖ ሄዷል ይላል፣ የተቆፈረ ነገር የለም፣ የጋሪ ዱካ የለም፣ ማን እንደሆነ አልታወቀም። በግሪኮቹ ወግ እፍኝ አፈር ከተበተነ ሟቹ ተቀበረ ማለት ነው። አለቀ! ማንም አላያትም፣ ግዴታዋን ተወጥታለች፣ ቤቷ መቀመጥ ትችል ነበር። እሷ ግን በጠራራ ፀሐይ ተመልሳ ሄዳ ተያዘች። ለምን? ሶፎክልስ ዝም ብሎ ያለ ምክንያት ሁለቴ አያስኬዳትም ብዬ ነው። ምን ትላላችሁ?

ጉለሌ27
ጥሩ ጥያቄ ነው ወንድሜ። እኔ የሰማሁት አንዱ መልስ የመጀመሪያው ቀብር ሙሉ አልነበረም ሚል ነው፣ አፈሩን በተነች እንጂ ለሟች ሚፈሰውን ነገር አላፈሰሰችም። በ2ኛው ጊዜ ግን ዘበኛው ራሱ ነው ሚናገረው፣ በእጇ የነሐስ ማሰሮ ይዛ ሦስት ጊዜ ሬሳው ላይ አፈሰሰች ይላል። ስለዚ ወጉን ልትጨርስ ነው የተመለሰችው።

ሌላው ደሞ የመጀመሪያውን የቀበረችው እህቷ ኢስሜኔ ናት ሚሉ ምሁራን አሉ። እኔ ግን ይሄን በፍጹም አልቀበልም። ኢስሜኔ ከመጀመሪያው ሲን ጀምሮ ፈሪ ናት፣ እኛ ሴቶች ነን ከወንድ ጋር መታገል አንችልም ብላ እህቷን ብቻዋን ለቀቀቻት፣ ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ መጥታ እኔም አብሬ ልሙት ትላለች። አንቲጎኔም በቃል ብቻ ሚወደኝ ወዳጅ አልፈልግም ብላ መለሰቻት፣ ደግ አደረገች።

ናርዶስ_ዘፒያሳ
አማልክቱ ቢሆኑስ? ኮረሱ (የከተማው ሽማግሌዎች ናቸው እንግዲህ) ዘበኛውን ሲሰሙ ንጉሥ ሆይ ይሄ ነገር የአማልክት ስራ ይሆን እንዴ ብለው ጠይቀዋል። ክሪዮንም በቁጣ ነው የፈነዳው። ደሞ ልብ በሉ ሬሳው ላይ አውሬ ወይ ውሻ የነካው ምልክት አልተገኘም፣ በ2ኛው ቀብር ጊዜም እኩለ ቀን ላይ ድንገት አውሎ ነፋስ ተነስቶ አቧራው ሜዳውን ሁሉ ሞላው፣ ዘበኞቹ አይናቸውን ጨፍነው ቆዩና ሲገልጡ ልጅቷ እዛው ቆማለች። ይሄ ሁሉ በአጋጣሚ አይመስለኝም፣ የሰማይ እጅ አለበት።

ብራና_ገላጭ
@ናርዶስ_ዘፒያሳ ቆንጆ ንባብ ነው ግን አንድ መስመር ያስቸግርሻል። ዘበኛው እንደያዟት ሲናገር ስለ ፊተኛውም ስለ ኋለኛውም ድርጊት ከሰስናት፣ አንዱንም አልካደችም ይላል። ስለዚህ ሁለቱንም እሷ ናት። @ጉለሌ27 ያንተም ማሰሮዋን ረስታ ሄደች እንደማለት ይሆናል፣ ለዚህ ስራ ሞቷን ቆርጣ የተነሳች ሴት ዋናውን ነገር ትረሳለች?

ጋሽ_መድረክ
ልጆቼ እንደምን ዋላችሁ። ዕድሜዬን መድረክ ጀርባ ነው የጨረስኩትና ከዛ ወገን የማየውን ልበል።

በመጀመሪያ ይህ ቴአትር የታየው ከክርስቶስ ልደት በፊት 441 ዓመት ገደማ አቴንስ ውስጥ ነው፣ አክሮፖሊስ ተራራ ግርጌ ባለው የዲዮኒሶስ ቴአትር፣ በቀን ብርሃን። ሁሉንም ገጸ ባሕርይ ጭምብል እየቀያየሩ የሚጫወቱት 3 ወንዶች ብቻ ናቸው፣ አንቲጎኔንም ወንድ ነው የሚጫወታት። ሞትና ግድያ መድረክ ላይ አይታይም፣ ሰው ሮጦ መጥቶ ይናገረዋል። ስለዚህ የዚህ ቴአትር እምብርት የሆነውን ቀብር እኛ ተመልካቾች በአይናችን አናየውም! የምናየው በዘበኛው አፍ ነው፣ ያ ዘበኛ ደግሞ ለነፍሱ የሚፈራ፣ ነገር የሚያንዛዛ፣ እንደኛ አይነት ተራ ሰው ነው። መጀመሪያ ሲመጣ ማን እንደሆነ አያውቅም፣ ክሪዮን ገንዘብ የበላ ሰው ነው ብሎ ይደነፋል። ሁለተኛ ሲመጣ ልጅቷን ይዞ ነው። ንጉሡ ወንድ ጠላት ሲጠብቅ የገዛ እህቱ ልጅ፣ የልጁ እጮኛ ፊቱ ቆመች። አንድ ቀብር ብቻ ቢሆን ይህ ግርምት አይኖርም ነበር። ለመድረክ ሰው መልሱ ይኸው ነው።

ሁለተኛ፣ ለአቴናውያን ይህ ተረት ብቻ እንዳይመስላችሁ። በሕጋቸው አገር የከዳ ሰው በአቲካ (በአቴንስ ግዛት) ምድር አይቀበርም ነበር፣ ስለዚህ ክሪዮን መጀመሪያ ሲናገር ብዙው ተመልካች አንገቱን ሳይነቀንቅ አይቀርም። በሌላ በኩል እነዚሁ ሰዎች ለሬሳ እንዴት እንደሚሆኑ እዩ፦ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ406 በአርጊኑሳይ የባሕር ጦርነት አሸንፈው ሲያበቁ ማዕበል ስለተነሳ ባሕር ላይ የቀሩትን ሰዎችና የሞቱትን ሬሳ አላነሳችሁም ተብለው 6 ጄኔራሎች በሞት ተቀጡ። ያሸነፉ ጄኔራሎች! ሶፎክልስ ራሱ ደግሞ ወንበር ላይ ብቻ የተቀመጠ ደራሲ አልነበረም፣ ከአቴንስ መሪ ከፔሪክልስ ጋር ጄኔራል ሆኖ ተመርጦ ያውቃል፣ ትእዛዝ መስጠት ምን እንደሆነ ያውቃል። ለዚህ ነው ክሪዮንን የካርቶን ጭራቅ ያላደረገው።

እታለም
ሰላም ለዚህ ቤት። እኔ እንኳን የናንተን ያህል አላነበብኩም፣ የምንኖረው ሜሪላንድ ነው፣ ልጄ ትምህርት ቤት ይሄን መጽሐፍ ሰጥተዋት አብሬያት ነው ያነበብኩት፣ ግን ጥያቄህን ሳየው ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

የእናቴ ታላቅ ወንድም በ1970 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ተገደለ። ጠዋት መንገድ ዳር ወድቆ ተገኘ። ማንሳት አይቻልም፣ ማልቀስ አይቻልም፣ ለቅሶ መቀመጥ አይቻልም፣ ጎረቤት እንኳ ቡና ሊጠጣ የመጣ እየመሰለ ነው እጁን ጨብጦ ሚወጣው። አክስቴ ያኔ 19 አመቷ ነው፣ በሌሊት ወጥታ ነጠላዋን አውልቃ አለበሰችውና ተመለሰች። ሲነጋጋ ደግሞ ጋቢ ይዛ ተመለሰች። ሁለተኛ ስትሄድ አይተዋታል፣ እንዴት እንደተረፈች አሁን አልጽፈውም። ከዛ መኪና መጥቶ ወሰደው፣ የት እንደተቀበረ እስከ ዛሬ አናውቅም።

ልጅ ሆኜ አንድ ቀን አክስቴ አንዴ ካለበስሽው ሁለተኛ ለምን ሄድሽ ብዬ ጠየቅኳት። ያለችኝ ይሄ ብቻ ነው፦ "ነጠላው ወድቆ አየሁታ።"

አሁን መጽሐፉን ተመልሳችሁ እዩት። ዘበኞቹ ክሪዮን ከተቆጣቸው በኋላ ተመልሰው ሄደው አፈሩን ከሬሳው ላይ ጠርገው አራግፈው ራቁቱን አስቀሩት፣ ሽታው እንዳያገኛቸው ነፋሱን አይተው ኮረብታ ላይ ተቀመጡ ይላል። እሷ ስትመጣ ያለበሰችው አፈር የለም! ማሰሮ ረስታም አይደለም፣ ወጉን ልታሟላም አይደለም። ማን ነው ወንድሙ ተገፎ እያየ አንዴ አልብሼዋለሁ ይበቃል ብሎ ቤቱ ሚገባው?

እኛ ደግሞ ቃሉም አለን፣ መቅበር ሳንል "አፈር አለበሰችው" እንላለን አይደል? ልጄ ይሄ እንግሊዝኛው ላይ ጭራሽ እንደማይሰማ ነገረችኝ፣ በአማርኛ ግን አፈር ልብስ ነው።

ብራና_ገላጭ
እህቴ እግዜር ያጽናችሁ። ምን እንደምል አላውቅም። ሁለት ጊዜ አንብቤው ያ መጥረግ አይኔ ላይ አልቆመም ነበር፣ የዘበኞቹ ስራ ነው ብዬ አልፌዋለሁ። አሁን ከፍቼ አየሁት፣ እንዳልሽው ነው፣ ሬሳውን ራቁቱን ስታየው ጎጆዋ ባዶ ሆኖ ጫጩቶቿን ያጣች ወፍ እንደምትጮኸው ጮኸች ይላል፣ ከዛ ይህን ያደረጉትን ረገመች፣ ከዛ ነው ወዲያው በእጇ ደረቅ አፈር ያመጣችው። መልሱ እዛው ተጽፎ ነበር።

ናርዶስ_ዘፒያሳ
እያለቀስኩ ነው ያነበብኩት እትዬ። አፈር ማልበስ ያልሽው ላይ አንድ ልጨምር፣ እኛ ለሞተ ሰው "አፈሩን ገለባ ያድርግለት" እንላለን። በሌላው የግሪክ ደራሲ በዩሪፒደስ ቴአትር፣ አልሴስቲስ ላይ ኮረሱ ለሟቿ ንግሥት ሚመኙላት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ምድር ከላይሽ ቀላል ሆና ትውደቅብሽ ነው ሚሏት። ቴአትሩ የታየው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ438 ነው። መጀመሪያ ሳነበው ቀብር ላይ ቆሜ ሰዎች ሲሉት የሰማሁ ነው የመሰለኝ።

ሕግ_ይከበር
እታለም በመጀመሪያ ነፍስ ይማር። ያንቺን ታሪክ ምንም ሳልነካ ስለ ቴአትሩ ብቻ ልናገር። ሰው ሁሉ ክሪዮንን ሚያወግዘው በጣም ቀላል ስለሆነ ነው። ሄግል የሚባለው ፈላስፋ ሁለቱም ወገን እውነት አላቸው፣ ትራጀዲ ሚሆነውም ለዛ ነው ብሏል እኔም በዚህ አምናለሁ። ትናንት ከተማው ሊቃጠል ነበር፣ ያቃጥለው የነበረው ሰው የንጉሡ የእህት ልጅ ነው፣ ለዘመዱ ካዳላ ነገ ማን ያምነዋል? መጀመሪያ ላይ የሚናገረው ንግግር አገር መርከብ ናት፣ እሷ ቀጥ ብላ ስትሄድ ነው ወዳጅ ሚኖረን ይላል፣ ምኑ ነው ስህተቱ?

የፈረንሳዩ ደራሲ ዣን አኑይ ይሄን ታሪክ እንደገና ጽፎት እ.ኤ.አ. በ1944 ፓሪስ በጀርመን ቁጥጥር ስር እያለች ታይቷል። እዛ ላይ ክሪዮን ለልጅቷ ጉዱን ሁሉ ይነግራታል፦ ሁለቱም ወንድሞቿ እኩል የማይረቡ ነበሩ፣ ሬሳቸው ተጨፈላልቆ ማን ማን እንደሆነ አልታወቀም፣ ይሻላል የተባለውን አንስተን በክብር ቀበርነው፣ የትኛው እንደሆነ እኔም አላውቅም ይላታል። ይሄ ክሪዮን ስራውን እየጠላ ሚሰራ ሰው ነው፣ አንዱ ይህን ቆሻሻ ስራ መስራት አለበት ብሎ። ያኔ ጀርመኖቹም ፈቀዱት፣ ነጻነት ሚፈልጉትም አጨበጨቡለት፣ ሁሉም የራሱን አየበት። ስለዚህ ነገሩ ጥሩ ልጅና መጥፎ ንጉሥ አይደለም።

ጋሽ_መድረክ
@ሕግ_ይከበር ልጄ፣ ሐሳብህ ክብደት አለው፣ ሄግልንም አልንቅብህም። ነገር ግን ቴአትር በንግግር ብቻ አይመዘንም፣ ማን እስከ መጨረሻው ምን አደረገ ነው። ክሪዮን የተናገረው መልካም ንግግር ልጁ ሄሞን ሲመጣ የት ገባ? ልጁ በትህትና አባቴ፣ ከተማው ለዚህች ልጅ ያለቅሳል፣ ውሃ ሲሞላ የሚጎነበስ ዛፍ ነው ቅርንጫፉ የሚተርፍለት አለው። አባትየው ግን ከተማ የገዢው አይደለምን አለ። ሄሞንም የአንድ ሰው ብቻ የሆነ ከተማ ከተማ አይደለም ብሎ መለሰ። እዚህ ላይ የመርከቡ ነገር አበቃ። አንተ ስለ ሕግ ትላለህ፣ ክሪዮን ግን ከዚህ በኋላ ስለ ራሱ ነው የሚናገረው።

ይህን ቴአትር ማን ወሰደው ብለህ ጠይቅ። ሮበን ደሴት እስር ቤት እስረኞች አንቲጎኔን ሠርተውታል፣ ኔልሰን ማንዴላ የተጫወተው ማንን ይመስልሃል? ክሪዮንን ነው! በሕይወት ታሪኩ ጽፎታል፣ መሪ ፍርዱን በምሕረት ማለዘብ እንዳለበትና ክሪዮን ግን ማንንም እንደማይሰማ እያሰበ። ክሪዮንን ከውስጥ ሆኖ አጥንቶታል ማለት ነው። ከዚያ ደግሞ ደቡብ አፍሪካዊው ደራሲ አቶል ፉጋርድ ከተዋንያኑ ከጆን ካኒና ከዊንስተን ንትሾና ጋር ዘ አይላንድ (ደሴቱ) የሚባለውን ቴአትር ሠሩ፣ እ.ኤ.አ. በ1973 ኬፕ ታውን። ሁለት እስረኞች ክፍላቸው ውስጥ አንቲጎኔን ይለማመዳሉ፣ ዊንስተን የሴት ዊግ አድርጌ ሰው ይስቅብኛል እያለ እምቢ ይላል፣ መጨረሻ ላይ ግን እስረኛና አዛዦች ፊት ቆሞ ሲናገር ዊጉን ከራሱ አውልቆ ይጥልና በራሱ ፊት ይናገራል። ሁለቱ ተዋንያን እ.ኤ.አ. በ1975 ኒው ዮርክ ላይ የቶኒ ሽልማት አግኝተዋል። እንዲህ ያለ ነገር የሚደረግበት ቴአትር ከ2400 ዓመት በላይ የቆየው ለሁለቱም እኩል ስለፈረደ አይመስለኝም።

ጉለሌ27
ጋሼ ይሄን አላውቅም ነበር፣ እናመሰግናለን እርስዎ ባይኖሩ እዚህ ቤት ምን ነበር ምናወራው።

ሕግ_ይከበር
ጋሼ ሄሞን ላይ ያሉትን እቀበላለሁ፣ እዛ ጋ ክሪዮን ይወድቃል እውነት ነው። ግን እናንተም አንቲጎኔን መልአክ አታድርጓት። ልትሞት ስትሄድ ምን እንዳለች አንብባችኋል? ባሌ ቢሆን ወይ ልጄ ቢሆን ይሄን አላደርግም ነበር አለች። ባል ቢሞት ሌላ ባል አለ፣ ልጅም ከሌላ ይወለዳል፣ እናትና አባቴ ግን ሞተዋልና ሌላ ወንድም አይወለድልኝም። የሰማይ ሕግ፣ ያልተጻፈ ሕግ እያለች ስትናገር ቆይታ መጨረሻ ላይ እንዲህ ሒሳብ ትሰራለች?

ናርዶስ_ዘፒያሳ
ይሄ ቦታ ብዙ ሰው አስጨንቋል። ገተ (ጀርመናዊው ባለቅኔ) አንድ ምሁር ተነስቶ ይህ የሶፎክልስ እጅ አይደለም ብሎ ባረጋገጠልኝ ብሎ ተመኝቷል። ግን አርስቶትል ራሱ ከዚሁ ቦታ ጠቅሶታል፣ ስለዚህ ድሮም እዛው ነበር። የጥንቱ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስም መጽሐፉ ላይ ተመሳሳይ ነገር አለው፣ የፋርስ ንጉሥ ዳርዮስ ኢንታፈርነስ የሚባል ሰውን ከነቤተሰቡ አሰረና ሚስቱን አንድ ሰው ምረጪ ልተውልሽ አላት፣ ባሏንም ልጆቿንም ሳይሆን ወንድሟን መረጠች፣ ምክንያቷም ይኸው ነው። ዳርዮስ ገርሞት ወንድሟንና የበኩር ልጇን ለቀቀላት።

እኔ ግን ይሄ ሒሳብ ነው ብዬ አላስብም @ሕግ_ይከበር። ከዚህ በፊት የተናገረችው ሁሉ ለንጉሥ ነው፣ ለሕግ ሰው በሕግ ቋንቋ መለሰችለት። አሁን ግን በሕይወቷ ሊዘጉባት ወደተፈረደባት ዋሻ እየተወሰደች ነው፣ ምትናገረው ለሞተው ወንድሟ ነው። አንተን ሚተካ የለም እያለችው ነው። ለቅሶ ቤት ሄደህ እህት ለወንድሟ ምትለውን ስማ፣ ጋሻዬ፣ መከታዬ፣ ማን ይተካልኛል ነው እንጂ ሌላ ምንድነው። የአውሮፓ ሰዎች ክርክር አድርገው ስላነበቡት ነው የጨነቃቸው፣ እኔ ሙሾ አድርጌ ነው ምሰማው።

ሕግ_ይከበር
እንደዛ አይቼው አላውቅም። ላስብበት።

ብራና_ገላጭ
አንድ ነገር እስቲ። ክሪዮን ነቢዩ ቲሬሲያስ ካስፈራራው በኋላ ኮረሱን ምን ላድርግ ብሎ ሲጠይቅ ሂድና ልጅቷን ከዋሻው አውጣ፣ ለሟቹም መቃብር ስራለት ብለው በቅደም ተከተል ነው ሚነግሩት፣ መጀመሪያ ሕያዋን ከዛ ሙታን። እሱ ግን ገልብጦ አደረገው! መልእክተኛው እንደሚለው በፊት የፖሊኒቄስን የተረፈ አካል አጥበው አቃጥለው የአፈር ቁልል ሰርተው ከጨረሱ በኋላ ነው ወደ ዋሻው የሄዱት። ሲደርሱ ልጅቷ በሻሿ ራሷን ሰቅላ፣ ሄሞን ወገቧን አቅፎ እያለቀሰ። ልጁ አባቱ ላይ ሰይፍ መዞ ሳተው፣ ከዛ ራሱ ላይ ተከለው፣ እናቱም ስትሰማ ራሷን ገደለች። ሌላ ጊዜ ሁሉ ሟችን አልቀብርም ያለ ሰው ያንን ቀን ብቻ ሟች አስቀደመ። በጣም ነው ሚያመኝ ይሄ ቦታ።

ጋሽ_መድረክ
አዎ ልጄ። ስናዘጋጀው ሁልጊዜ ተዋንያኑን የማስቆማቸው እዚያ ላይ ነው። ክሪዮን ያንን መቃብር ሲሠራ እጁ ላይ ያለው አፈር የማን እንደሆነ አስቡ እላቸዋለሁ፣ ልጅቷ በእፍኟ ያመጣችው ያው አፈር ነው፣ አሁን በንጉሥ እጅ ሲሆን ግን ጊዜው አልፎበታል።

እታለም
እንደገና ሰላም። ሁላችሁም ለጻፋችሁልኝ ነገር እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት ማታ አክስቴ ጋ ደወልኩ፣ አሁን አርጅታለች፣ አይኗ ደክሟል ጆሮዋ ግን ደህና ነው። የዘበኛውን ንግግር ልጄ እየረዳችኝ ወደ አማርኛ እየመለስኩ በስልክ አነበብኩላት፣ አውሎ ነፋሱን፣ ወፏን፣ አፈሩን በእጇ ማምጣቷን፣ የነሐሱን ማሰሮ።

ዝም ብላ ሰማችኝና "ማሰሮውን ማን ያዘላት?" አለችኝ።

ብቻዋን ናት አልኳት።

"እህት አላት ብለሽኝ አልነበር?"

አለቻት፣ ግን ፈርታ ቀረች አልኳት፣ ጉለሌ27 እዚህ ላይ የጻፈውንም ነገርኳት።

ትንሽ ቆየችና እንዲህ አለች፦ "አትፍረዱባት። እኔ መች ብቻዬን ሄድኩ። እናትሽ ጥግ ላይ ቆማ መንገዱን ታይልኝ ነበር። ጋቢውም የሷ ነው።"

እናቴ ካረፈች 11 ዓመቷ ነው። ይሄን አንድም ቀን ነግራኝ አታውቅም።